በእኔ እጅ የሞቱ አሥራ ሰባት ታንኳዎች

ሃያ ዓመት ሙሉ ዜና ስጽፍ አንድም ቀን ማስተባበያ አላወጣሁም። የሰው ስም ከነአባቱ አጣርቼ፣ ቀኑን ሁለት ሰው ጠይቄ፣ የቦታውን ርቀት በእግሬ ለክቼ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ገበያ ውላ ስትመለስ እንኳ «ብዙ ሰው ነበር» ካለችኝ «ስንት?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ራት ሳይቀርብልኝ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ሰው በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ታንኳ ገደለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የእኔ ነው፤ የ«ሰ»ዋን እግር እንዲያ የማስረዝም ሌላ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ የለም።

ነገሩ የሆነው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በሐይቁ ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አስገባ ተባለና ለዜና ሄድሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ማሽኑ ያለበት ክፍል በር ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቤተ መቅደስ ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ለዚያ ምክንያት አለው። እዚህ ግን ምክንያቱ አቧራ ነው አሉኝ። የከተማው ብቸኛ ጤነኛ የአየር ማራገቢያም እዚያ ተተክሎ ወደ ማሽኑ ይነፍሳል። ከጎኑ የተቀመጡት ሁለት ሠራተኞች ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዚያ ማሽን ጋር አልተዋደድንም።

ማሽኑ የመጣው ለደንገል ጉዳይ ነው። ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ በከተማው አቅራቢያ እየሳሳ ሄዷል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም፣ ሁላችንም «ጓድ ኃላፊ» የምንላቸው፣ «ከእንግዲህ የማጨድ ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ታንኳ ሠሪ ብቻ ነው፤ እሱም ታንኳው ብዙ ዕድሜ ለሚቆይለት» ብለው ወሰኑ። ለፈቃዱ የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አያ ሙጬና አያ ካሴ። ሁለቱም የዓባይ ማዶ ሰዎች፣ ሁለቱም ከስልሳ ያለፉ፣ ሁለቱም ከልጅነት ጀምሮ ደንገል ከማሰር በቀር ሌላ ሙያ የሌላቸው። ፈቃዱን ያጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው። አያ ሙጬ ደግሞ እጃቸውን ማጣጠፍ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ከምንጣፉ ላይ ሰንበሌጥ እየመዘዙ ይገምዳሉ።

የትኛው እንደሚበልጥ የሚወሰነው በሳይንሳዊ መንገድ ነው ተባለ። ሳይንሱን ይዛ የመጣችው ወይዘሪት ሰናይት ናት፤ ከአዲስ አበባ የተመደበች የስታትስቲክስ ባለሙያ። ለሁለት ዓመት ያህል በየታንኳው ላይ የቆርቆሮ ቁጥር አስመትታ፣ ማን እንደሠራት፣ መቼ ውኃ እንደነካች፣ ባለቤቱ እያወጣ ያደርቃት እንደሆነ፣ መቼ ከአገልግሎት እንደወጣች በመዝገብ ስታስይዝ ቆይታለች።

«አማካይ ዕድሜያቸውን አውጥተሽ ለምን አትገላገይም?» አልኋት።

«ለአማካይ ሁሉም እስኪሞቱ መጠበቅ አለብኝ፣ ጋሼ። ይህ ሞዴል የምንለው የስሌት ቀመር ግን በየቀኑ ነው የሚጠይቀው። እስከዚህ ቀን ከቆዩት ታንኳዎች ውስጥ ዛሬ የሞተችው የማን ናት? ይላል። በመጨረሻም የአንዱ ታንኳ የመሞት አደጋ የሌላውን ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግረናል።»

«በክረምትም በበጋም ያው እጥፍ?»

«ክረምት ሲመጣ የሁለቱም አደጋ ይጨምራል። እጥፉ ግን ያው ነው ብለን እንነሣለን።»

«ማን አለ?»

«ሞዴሉ።»

ሞዴሉ አለ! እኔ «አሉ» ብዬ ስጽፍ ያለውን ሰው ስም፣ የአባት ስምና የሥራ ድርሻ ካላመጣሁ አዘጋጁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። ሰውየውን አንድ ማሽን ተክቶት «አለ» ሲል ግን መሥሪያ ቤት ሙሉ ይቀበላል።

«ታንኳ ሞተች የሚባለውስ መቼ ነው?» አልኋት፣ ቢያንስ እሱን ልያዝ ብዬ።

«ባለቤቱ ውኃ ላይ ማውጣቱን ትቶ ለአጥር ወይም ለማገዶ ሲያውላት።»

እሱን ጻፍሁ። ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ይዤ እንዴት እንደ ተሳሳትሁ አሁን እነግራችኋለሁ።

መዝገቡ ውኃ ነክቶት ነበር። የታንኳ መዝገብ በታንኳ ተጭኖ ነዋ የመጣው። ሰናይት ለሌላ ሥራ ለሦስት ቀን ይፋግ መሄዷ ነውና ቀለሙ ሳይጠፋ የሚገለብጥላት ሰው ፈለገች። የእጅ ጽሑፌን አይታለች።

«እንዳለ ይገልብጡልኝ፣ ጋሼ። እንዳለ ብቻ» አለችኝ።

እንዳለ ጀመርሁ። የአያ ካሴ ታንኳዎች ላይ ምንም ችግር የለም፤ ሁሉም የገቡበትና የወጡበት ቀን ተሞልቶ ተቀምጧል። የአያ ሙጬ ጋ ስደርስ ግን «ከአገልግሎት የወጣችበት ቀን» በሚለው ዓምድ ሥር ባዶ። ቀጥሎም ባዶ። ቆጠርኋቸው፤ አሥራ ሰባት ባዶ! ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የሚበላ መዝጋቢ አሥራ ሰባት ቦታ ባዶ ትቶ ይሄዳል? እኔ አንድ ዜና ላይ አንድ ባዶ ቦታ ትቼ ብልክ ምን እንደሚደርስብኝ አውቃለሁ።

ብዕሬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቁጥራቸውን እየፈለግሁ ከወደብ ወደብ ዞርሁ፤ አንዷን ለማየት እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገባሁ፤ አንዷን በፍየል ተሞልታ ከሩቅ ሳያት ባለቤቱ ቁጥሯን እስኪነግረኝ ስጮህ ጉሮሮዬ ደረቀ። አሥራ ሰባቱንም በዓይኔ አየኋቸው። እኛ ጋዜጠኞች ያላለቀ ነገር ሲያጋጥመን «ይህ ዜና እስከ ተጠናቀረበት ሰዓት ድረስ» እንላለን። እኔም ባዶ ከሚቀር ብዬ በየዓምዱ ታንኳዋን ያየሁበትን ቀን ሞላሁ። አታላይ አይደለሁምና በኅዳጉ ላይ በትንንሽ ፊደል ማብራሪያ ጨመርሁ፤ «በዚህ ቀን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ እንጨት ጭናለች» እያልሁ። ሥራዬን ስጨርስ መዝገቡን ከፍ አድርጌ በኩራት አየሁት። አንዲት ባዶ የለችበትም።

ሰናይት ከይፋግ ተመልሳ ግልባጩን ቁጥር በቁጥር ማሽኑ ላይ ጻፈችው። በመካከሉ ሁለቴ መብራት ጠፋና እንደገና ጻፈችው። ከዚያ ማሽኑ ማሰብ ጀመረ። እሱ ሲያስብ ማንም እንዳይናገር ተብሎ ነበር፤ ጓድ ኃላፊ እንኳ ሳላቸውን ይዘው ቆሙ። በመጨረሻ ማተሚያው እየጮኸ ወረቀት ተፋ። ውጤቱ አጭር ነው። የአያ ሙጬ ታንኳ የመሞት አደጋ ከአያ ካሴ ታንኳ ስድስት እጥፍ ነው! ሰናይት ግንባሯን ቋጠረች። «ይህን ያህል? ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልየው» አለች። ጓድ ኃላፊ ግን ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ደብዳቤ ሊያስተይቡ ወጥተዋል። ፈቃዱ ለአያ ካሴ ሆነ።

በማግሥቱ አያ ሙጬ ደብዳቤውን ይዘው እቤቴ መጡ። ከደጃፉ አልገቡም።

«አንተ ነህ አሉ የፈጀኸን» አሉኝ።

«ምን አደረግሁ፣ አያ ሙጬ?»

«አሥራ ሰባት ታንኳ። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ፤ ድፍት!»

«እኔ አይደለሁም፤ ኮምፒዩተሩ ነው ያሰላው።»

«እሱን አላውቀውም። አንተን ግን ብዕር ይዘህ ዳር ዳሩን ስትዞር አይቸሃለሁ። የአሥራ አራት ቁጥርን ስትጽፍ አጠገብህ ቆሜ ‹ድካምህን ይቁጠርልህ› ብዬ መርቄሃለሁ። ለካ የቀብሯን ቀን ኑሯል የምትጽፈው!»

«አሥራ አራት ቁጥር ታዲያ አልሞተችም?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? በእሷ ነው የመጣሁ።»

ቤቴ ከውኃው ዳር ነውና ወጥቼ አየኋት። አሥራ አራት ቁጥር ከደንገሉ መካከል ተወዝፋ ታስራለች፤ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ የቆርቆሮ ቁጥሯ እያብለጨለጨ። በመርሕ የምኖር ሰው ነኝና አያ ሙጬን አስከትዬ፣ በዚያችው በሟች ታንኳ ተሳፍሬ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ።

«ጓድ ኃላፊ» አልሁ፣ «ስሕተት አለ። ሞተች የተባለችው ታንኳ ደጅ ቆማለች።»

ጓድ ኃላፊ በመስኮት አዩአት። ከዚያ የማሽኑን ወረቀት ገለጡ። ከዚያ እንደገና በመስኮት አዩ። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያምኑ ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ወረቀቱን ነው።

«አሥራ አራት ቁጥር ከአገልግሎት ወጥታለች» አሉ።

«ይኸው በእሷ መጣን እኮ፣ ጓድ!»

«ከአገልግሎት ከወጣች በኋላ ሰው ጭና ከተገኘች እሱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።» ወደ አያ ሙጬ ዞሩ። «ማን ፈቅዶልዎ ነው?»

«ለማን? ለሟቿ?» አሉ አያ ሙጬ።

«ለእርስዎ!»

«እኔ ደግሞ መቼ ሞትሁ?»

ክርክሩ ሲያልቅ ጓድ ኃላፊ ታንኳዋ በሕይወት ለመኖሯ ከቀበሌ ማስረጃ አምጡ አሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሰው ያያትን፣ የተሳፈረባትን፣ እግሩን ያረጠበባትን ታንኳ ቀበሌ እንዲመሰክርላት ሄድሁ! የቀበሌው ጸሐፊ ያለው የሰው ቅጽ ብቻ ነው። ቅጽ ደግሞ ሳይሞላ አይታተምም። «የአባት ስም» በሚለው ላይ ሙጬ ብሎ ጻፈ። «ሥራ» በሚለው ላይ እንጨት ማመላለስ። «የጋብቻ ሁኔታ» ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ አያ ሙጬን አየ።

«እንዴ! ያላገባች በላት» አሉ አያ ሙጬ፣ እንደ መሰደብ ቆጥረውት።

ማኅተሙን ይዘን ተመለስን። ጓድ ኃላፊ ቅጹን አገላብጠው፣ «ይህ ለአሥራ አራት ቁጥር ነው፤ የቀሩት አሥራ ስድስቱስ?» አሉ። አያ ሙጬ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ፊት ያለው ውኃ አልታየም። ታንኳ ሸፍኖታል። ባለቤቶቹ ገበያቸውን ትተው፣ እንጨታቸውን እንደ ጫኑ፣ የሟቾቹን ቁጥር ወደ መስኮቱ አዙረው ቆመዋል። አንደኛው «ሟች ቁጥር ሃያ ሁለት፣ አቤት!» እያለ እንደ ስም ጥሪ ይጮኻል። ሌላው «ጋዜጠኛው የታለ? ተዝካራችንን ይብላ እንጂ!» ይላል። እኔ ከግንቡ ኋላ ተሸሽጌ ቆይቼ ወደ ማሽኑ ክፍል ሾልኬ ገባሁ። አያ ካሴም ሊያዩ መጥተው ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፈቃዱ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም።

ሰናይት በመስኮት አይታ ቆጠረች። «አሥራ ስድስት ናቸው» አለች። «አሥራ ሰባተኛዋስ?»

«ቅዳሜ ወደ ደቅ ደሴት ሰው ጭና ሄዳ አልተመለሰችም» አሉ አያ ሙጬ ከታች።

«እሷ እንኳ ሞታለች ማለት ነው» አሉ ጓድ ኃላፊ፣ ቢያንስ አንዷን ለማትረፍ፣ ወይም ለመቅበር።

«አይደለም፣ ጓድ። እስከ ቅዳሜ እንደነበረች እናውቃለን። ከዚያ ወዲያ አናውቅም። አለማወቃችን እሷን አይገድላትም» አለችና ግልባጬን አንሥታ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ኅዳጉ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ማብራሪያ ነዋ።»

«ማሽኑ ኅዳግ የለውም።»

«ለእሱማ እኔ ምን አደርግለታለሁ? አንቺስ ስትጽፊ ለምን አላነበብሽውም?»

«ሁለቴ መብራት እየጠፋብኝ ዓምዱን ብቻ ነው ያየሁት። እሺ፣ የእኔም ጥፋት አለበት። ግን እንዳለ ይገልብጡ አላልሁም?»

«ባዶ ነበር እኮ!»

«ባዶው ነው መረጃው!»

ባዶው ነው መረጃው! ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም። ሰናይት ግን በእርጋታ አስረዳችኝ። አያ ካሴ ወገባቸውን ታመው፣ ለራሳቸው ካሰሯት ቁጥር ካልተመታባት አንዲት በቀር፣ ዓመት ሙሉ አዲስ ታንኳ አልሠሩም፤ ስለዚህ ያሉት ሁሉ አሮጌ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ነው የሞቱት። የአያ ሙጬ አሥራ ሰባት ግን ገና የሁለትና የሦስት ወር ናቸው። ባዶ ቢሆኑ ማሽኑ «ሦስት ወር ኖራለች፤ ገናም ትኖራለች» ብሎ ይይዛቸው ነበር። እኔ ቀን ስለሞላሁባቸው «በሦስት ወሯ ሞተች» ብሎ ያዘ። አያ ሙጬ ብዙ በሠሩ ቁጥር ብዙ ሬሳ ተቆጠረባቸው። በትጋታቸው ነው የተቀጡት። የቀጣኋቸውም እኔ ነኝ፤ በትጋቴ።

ጓድ ኃላፊ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰናይት ማራገቢያውን ማስተካከል ያዘች። ልታድነኝ ፈልጋ ነበር መሰለኝ። ሃያ ዓመት የተጠበቀው ማስተባበያዬ እንግዲህ ያኔ ወጣ፤ በቃል፣ በባዶ እግር፣ በማራገቢያው ፊት። «እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ጓድ። አንድም ታንኳ አልሞተችም» አልሁ። ድምፄ እንደ ዜና ሳይሆን እንደ ኑዛዜ ነው የወጣው።

ሰናይት አሥራ ሰባቱን ቀን አንድ በአንድ አጠፋች። ማሽኑ እንደገና አሰበ፤ ማተሚያው ጮኸ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አያ ሙጬ በጥቂት ይበልጣሉ» አለች። «ልዩነቱ ግን ትንሽ ስለሆነ በአጋጣሚ የመጣም ሊሆን ይችላል። ዋናው ማድረቁ ነው። ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥታ የምትደርቅ ታንኳ ትቆያለች፤ ማንም ይሥራት ማን።»

ጓድ ኃላፊ ይህን ሰምተው ወደ ውጭ ወጡ። «ሁለቱም ታንኳ ሠሪዎች እኩል ናቸው! ፈቃዱ ለሁለቱም ይሰጣል፤ ደንገሉን ለሁለት ይካፈላሉ!» አሉና ተመልሰው ገቡ።

እኔ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። አያ ሙጬ እንጀራቸው ተመለሰላቸው፤ ካሴም አልተቀሙም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ክው ብለው ቀሩ።

«እኩል?» አሉ አያ ሙጬ። «ከካሴ ጋር?»

«እኔ ከሙጬ ጋር?» አሉ አያ ካሴ፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው። «ወገቤን ይመመኝ እንጂ እጄን መች አመመኝ!»

«የእሱ ታንኳ እኮ ደንገሉ ሲላላ ውኃ የምትጠጣ ናት» አሉ አያ ሙጬ። «ከእሷ ጋር ከምተካከል ሞቼ ብቀር ይሻለኝ ነበር። ማን ቀስቅሱኝ አለ?»

ሁሉም እየተበተነ ሄደ። ዝናብ አንጠባጠበ። የእኔም ቤት ዓባይ ማዶ ነውና ወደ አሥራ አራት ቁጥር ሄጄ አንድ እግሬን አነሣሁ።

«ወዴት?» አሉ አያ ሙጬ።

«ወደ ቤት ነዋ።»

«እኩል ነን አላላችሁም? በካሴ ሂድ።»

ወደ አያ ካሴ ዞርሁ።

«እኩል ከሆነ በእሱ ሂድ» አሉኝ።

በድልድዩ በኩል በእግሬ ጀመርሁ። እውነት ተናግሬ፣ ጥፋቴን አምኜ፣ የሁለት ሰው እንጀራ አስመልሼ፣ በዝናብ ጭቃ ለጭቃ! ሁለቱ በውኃው ላይ ጎን ለጎን እየቀዘፉ አለፉኝ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየሰጠምሁ ያን ማሽን፣ ያን ሞዴል፣ ያን ባዶ ዓምድ ስረግም ቆየሁ። ትንሽ እንደ ሄድሁ አንዷ ታንኳ ወደ ዳር ዞረች። አያ ሙጬ ናቸው። ውኃ ውኃውን እያዩ፣ ማንንም የማይጠይቁ መስለው፣ ጠየቁኝ።

«እውነት ግን፣ ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አልበለጥሁትም?»

ሰናይት ያለችው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው እውነት አይደለም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል።

«በጥቂት ይበልጣሉ ብላለች» አልሁ።

«ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። ገና ሳልደላደል መቅዘፊያቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «ካሴ! በልጨሃለሁ!» ብለው ጮኹ።

አያ ካሴ ከፊታችን ቆሙ። «ማን አለ?»

«ጋዜጠኛው! ይኸው ከነነፍሱ፤ ጠይቀው!»

አያ ካሴ መቅዘፉን ትተው እኔን አዩ። እኔም ጉማሬ እንደሚፈልግ ሰው ፊቴን ወደ ሌላኛው የሐይቅ ዳር አዞርሁ።